የደባልቄ ቅምሻ

ከወንዙ ማዶ ባለው ቆዳ ሰፈር፣ የእድሩ ጎመን ደርሶ መጀመሪያ በሚቀጠፍበት ቀን፣ አንድ ሽማግሌ ቀምሶ እስኪውጥ ድረስ ማንም እጁን ወደ መሶቡ አይሰድም። ልጅ ቢያለቅስ እንኳ ይጠብቃል። ልማዱ «የደባልቄ ቅምሻ» ይባላል፤ ማሳውም በዚሁ ስም ይጠራል። ቅምሻ መርዝ አያጣራም የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፣ የሰፈሩም ሰው ይህን አያጣውም፤ የልማዱ ነገር ግን ወዲህ ነው።

እንደሚነገረው፣ ቦታው ድሮ የቆዳ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ባለቤቶቹ ቆዳ የሚያለፉበትን መድኃኒት መሬቱ ውስጥ ትተውት ሄዱ፤ አፈሩ ሲቆፈር ሰማያዊ ሆኖ ይወጣ፣ እዚያ የሚጫወቱ ልጆችም እግራቸው ይቆስል ነበር። የእድሩ ዳኛ ደባልቄ ሰፈሩን አስተባብረው፣ መሬቱ ጸድቶ የልጆች መጫወቻና የአትክልት ማሳ እንዲሆን ማዘጋጃ ቤቱን አስፈቀዱ። ማዘጋጃ ቤቱም እስከ መስከረም ካልለማ ለመጋዘን እሰጠዋለሁ ብሎ ነበርና፣ ሰዉ ወንድ ሴት ሳይል ሰማያዊውን አፈር እየዛቀ በሲሚንቶ ወደተለሰነ ጉድጓድ ሲያግዝ፣ ከኮረብታው ንጹሕ አፈር እያመጣ ሲያለብስ በጋው አለቀ።

የቀረው የወንዙ ዳር ብቻ ነበር። እዚያ ቢቆፈር ቢቆፈር ሰማያዊው አያልቅም፤ ዝናቡም ጣለ። ያን ጊዜ ደባልቄ፣ ሰዉ ለክረምቱ ሲበተን ጠብቀው፣ በአህያ አፈር አስጭነው ዳሩን ከላይ ከላይ አለበሱት ይባላል። ለክፋት አልነበረም፤ መሬቱ እንዳያመልጥ ፈርተው ነው። በሚመጣው በጋ አወጣዋለሁ ብለው ለራሳቸው ማሉ፤ ለሌላ ሰው ግን ትንፍሽ አላሉም።

መስከረም ጠባ፣ በክረምቱ የተተከለው ጎመን ደረሰ፣ ሰፈሩም ለምረቃ ተሰበሰበ። ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምስ ሁሉ፣ አጸዳሁ ያለም ይቅመስ ተባለና መሶቡ ደባልቄ ፊት ቀረበ። ጎመኑን የሠራችው ይመኙሻል ነበረች፤ ልጇ በዚያ አፈር እግሩ ቆስሎ የከረመባት ሴት ናት።

«ከወንዙ ዳር የቀጠፍኩት ነው ጋሼ፤ ቅጠሉ ከሌላው ሁሉ ይሰፋል» አለች ደስ ብሏት።

ደባልቄ ጠቅልለው አነሱ። እጃቸው አገጫቸው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። አንድ ጉርሻ ሽማግሌ አይገድልም፤ ዋጥ ቢያደርጉት የሚያውቅባቸው አልነበረም። ግን ከመሶቡ ማዶ ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ተደርድረዋል፤ የይመኙሻል ልጅ ከፊት ነው። እሳቸው ሲውጡ እሱ ይጎርሳል።

«ይጉረሱ እንጂ ጋሼ! ጎመን በጤና አይደል?» አለች ይመኙሻል፤ ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅም የዳኛው እጅ እዚያው ነበር። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የደባልቄን ያወጣው ግን ጎመን ነው። ጉርሻውን ጣሉና መሶቡን በሁለት እጃቸው ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ማንም እንዳይነካ! የዳሩ ሰማያዊ አልወጣም፤ ላዩን አፈር አልብሼባችሁ ነው።»

ይመኙሻል ልጇን ጎትታ ጉያዋ ውስጥ ሸሸገችው። «ልጄን በገዛ እጄ መርዝ ላበላው ነበር!» አለች። ደባልቄ አቀርቅረው አለቀሱ።

እድሩ እዚያው ተቀምጦ ዳኝነቱን ገፈፋቸው። መሬቱ ቢወሰድም ይወሰድ ተብሎ ጎመኑ ተነቀለ፣ ዳሩም እንደገና ተቆፈረ። ማዘጋጃ ቤቱ ሰምቶ አንድ ዓመት ጨመረላቸው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ግማሹን ለመጋዘን ወሰደው የሚሉም አሉ፤ የማሳውን ጥበት ላየ የኋለኞቹ እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም። በመጨረሻ አፈሩ ተመርምሮ ንጹሕ ነው ተባለ፣ ጎመኑም ዳግም ደረሰ።

አዲሱ ዳኛ ሊቀምስ እጁን ሲታጠብ ይመኙሻል ተነሣች።

«ጋሽ ደባልቄ ይጠሩ» አለች። «መርዝ ሲኖርበት እጃቸው እምቢ ያላቸው እሳቸው ናቸው። እሳቸው ካልጎረሱ ልጄ አይበላም።»

ተጠሩ፤ መጡ፤ ጎረሱ። እስኪሞቱም ድረስ ቀማሹ እሳቸው ነበሩ ይባላል። ዛሬም ተራው የደረሰው ሽማግሌ ጉርሻውን ሲያነሣ፣ እናቶች የልጆቻቸውን ትከሻ ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ከእጁ ላይ አይነቅሉም።