ዕጣ የማይወጣለት ሰው

ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የጋራ መኖሪያ ቤት በሚገነባበት ሳይት ላይ ሚክሰር የሚያንቀሳቅስ አንድ ሰው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሰው ቤት አርማታ ሲያቦካ፣ እሱ ራሱ የሚኖረው በኪራይ ጭቃ ቤት ነው።

አንድ ቀን የሳይቱ ኃላፊ ኢንጂነር ልሳነወርቅ ሲሚንቶው እያለቀ መሆኑን አየና፣ «የሦስተኛው ፎቅ ወለል ዛሬውኑ ተሞልቶ ማለቅ አለበት። ሲሚንቶውን በግማሽ ቀንስና አሸዋ ጨምርበት» ብሎ አዘዘው። ሰውዬው ሚክሰሩን አጥፍቶ ቆመ።

ኢንጂነሩ ተቆጣ። ሠራተኞቹን ሁሉ ጠርቶ ሰበሰበና፣ «እስቲ በሰው ፊት ተናገር! ከእኔ የበለጠ አውቃለሁ ካልክ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለህም። አላውቅም ካልክ ደግሞ ያዘዝኩህን አቡካ» አለው።

ሰውዬው አቧራ የጠገበ ራሱን አከክ አከክ አደረገ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ምን አውቄ! የነበረችኝ ትንሽ አእምሮም ከማሽኑ ጋር ስትዞር አልቃለች። የማውቀው ዕድሌን ብቻ ነው። ለዚህ ቤት ከተመዘገብኩ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዕጣ በወጣ ቁጥር ስሜ የለም። ይህ ወለል በደንብ ከተሞላ ቤቱ መቼም ቢሆን አይደርሰኝም። እርስዎ እንዳሉት ከተሞላ ግን፣ የእኔን ዕድል አውቀዋለሁ፣ ዕጣው የሚወጣልኝ ልክ ከሥሩ ያለው ክፍል ነው።»

ሠራተኞቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ኢንጂነሩ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ቀና ብሎ አየና፣ ሲሚንቶ እስኪመጣ ድረስ ሥራው ይቁም አለ።