ቀይ የሆነው ግድግዳ

አንድ የሒሳብ መምህር ነበረ። አንቺ ልጅ፣ የመምህርነት ሥልጠናሽን ሳትጨርሺ «አዲሱ የማስተማሪያ ማሽን ክፍል ከገባ እኔን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? እንግዲያው የእሱን ስሚ።

ሲያስተምር ድምፁ ግቢውን ይሞላዋል። ሲያበቃ «ገባችሁ?» ይላል፤ ልጆቹ በአንድ አፍ «አዎ!» ይላሉ፤ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራግፎ ይወጣል። ፈተና ሲመጣ ግማሹ ይወድቃል። «የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው» ይላል። ምን ያድርግ፣ ጆሮው የሰማው «አዎ» ነዋ!

አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ለልጆቹ ታብሌት አደለ። ተማሪው ታብሌቱ ላይ መልስ ሲነካ፣ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ መልሱ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይወጣል፤ የሳተው ቀይ፣ ያገኘው አረንጓዴ ሆኖ። ዕጩ መምህራን የእሱን አስተማማር ሊያዩ ከኋላ ተደርድረዋል። እሱም በእነሱ ፊት ማሽኑን ሊያሳፍር ቋምጧል። ሲሶና ሩብን አስተማረ።

«ገባችሁ?»

«አዎ!» መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«በሉ፣ ሲሶና ሩብ የቱ ይበልጣል? ንኩ!»

ግድግዳው ቀላ። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ሩብን ነክተዋል፤ አራት ከሦስት ይበልጣላ!

 ከኋላ አንዱን ዕጩ ሳቅ አመለጠው። ይህን ያህል ዘመን የተከበረበት ስም በአንድ ግድግዳ ሊያልቅ ነው። የማጥፊያው ቁልፍ ከእጁ ሥር ነው። «መብራት ሄደ» ቢል ማን ይጠይቀዋል? በእኛ አገር መብራት ያልተሸከመው ኃጢአት አለ?

እጁን ሰደደ። መለሰው። ወንበር ስቦ ልጆቹ መሃል ተቀመጠ።

«ያላስረዳሁት እኔ ነኝ። የቱ ጋ ጠፋችሁ?»

 አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ አይቆጡም? ከመጀመሪያው ነው የጠፋነው» አለች።

«ታዲያ አዎ የምትሉት ለምንድን ነው?»

«አልገባኝም ያለ በቅጣት ቆሞ ይውላላ! የሚያቆሙት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

መምህሩ ሳቀ፤ የምሩን ሳቀ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሸንኮራ ከምትሸጠዋ ሴት ሁለት እኩል አገዳ አስመጣ፤ አንዱን ለሦስት ልጆች፣ ሌላውን ለአራት ቆረጠላቸው።

አራቱ ጮኹ፤ «ቲቸር፣ የእኛ አነሰ!»

«ለምን?»

«ስለበዛን ነዋ!»

«እኮ! አሁን ንኩ!»

ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። ልጆቹ ጠረጴዛ ደበደቡ፤ ዕጩዎቹ ቆመው አጨበጨቡ፤ ያ የሳቀው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ። መምህሩም ስንት ዓመት ያስተማረው ነገር የልጅ ልብ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ።

እንግዲህ ልጄ፣ የምትፈሪው ማሽን ያ ግድግዳ ነው፤ አንቺ ደግሞ ያ መምህር ነሽ። ግድግዳው ልጆቹ መጥፋታቸውን ተናገረ፤ ፈልጎ ያመጣቸው ግን ወንበር ስቦ መሃላቸው የተቀመጠው ሰው ነው። አንቺም ክፍል ገብተሽ ግድግዳው ቢቀላብሽ ማጥፊያውን አትፈልጊ፤ እጅጌሽን ሰብስቢ፣ ሥራሽ ገና መጀመሩ ነው።