አያ ዝንጀሮ ዞር ያላለ ዕለት

«ተረት ተረት!» ስላችሁ «የዓሣ አጥንት!» በሉኝ።

ነፋስ ሐይቁን በሚንጥበት አንድ ቀን፣ አያ ዝንጀሮና እመት ኤሊ ዳር ቆመው መረባቸውን ግራና ቀኝ ይዘው ጎተቱ። ባዶ ወጣ። ደግመው ጣሉ፤ አሁንም ባዶ።

«ነፋስ ሲነሳ ዓሣ ወደ ጥልቁ ይሸሻል፤ ጋብ እስኪል እንታገሥ» አለች ኤሊ።

የዝንጀሮ ዓይን ግን ድንጋይ ልብሷ ላይ ተተከለ። እዚያ ውስጥ ስንት ዓሣ ይደበቃል!

አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለው አሞራ፣ አባ ኮዳ፣ ጠጋ ብሎ «እኔም አላምናትም። ዓይንህን ከሷ ላይ እንዳትነቅል» ሲል ሹክ አለው።

ዝንጀሮ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ኤሊ ላይ እንዳፈጠጠ ይጎትት ጀመር። ነፋሱ በረደ፤ መረቡም ከበደ። ዳር ሲቃረብ ግን ከኋላው ዋጥ፣ ዋጥ የሚል ድምፅ ተሰማና መረቡ ቀለለ።

«አያ ዝንጀሮ፣ ኧረ ዞር ብለህ እይ!» ብላ ጮኸች ኤሊ።

«እንድዞርልሽ ነዋ የምትጮኺው!»

መረቡ ባዶውን ወጣ። ዝንጀሮ ኤሊን ገልብጦ ፈተሻት፤ አንዲት ቅርፊት እንኳ አላገኘባትም። «ውጣዋለች!» ብሎ አባረራት። የሷንም የመረብ ጫፍ፣ ከረጢቱ ሞልቶ መናገር ለተሳነው ለአባ ኮዳ አስያዘው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዓሣ አብሱ፤ ከተረፋችሁ።