የእመት ጃርቲት ሦስት ደብዳቤዎች

ተረት ልጀምር ነው። ማስነጠስ ያማራችሁ አሁኑኑ አስነጥሱ፤ መሳልም ያማራችሁ ሳሉ። ከጀመርኩ በኋላ የሚያቋርጠኝን «ጅብ ይብላው» ብዬ አልረግምም። ጅቡ እዚሁ ተረት ውስጥ ስላለ ራሱ ይሰማል።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ልክ እንደ እኛ ሲካሰሱና ሲሟገቱ በነበረበት ዘመን፣ የዱሩ ዳኛ አያ አንበሶ ነበር። አንድ ቀን ችሎት ላይ ተቀምጦ ዝንጀሮ ሲጮህ፣ ቀበሮ ሲያላዝን፣ አህያ ሲያናፋ ራሱን በሁለት መዳፉ ያዘ።

«በቃ!» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ አቤት የሚል ሁሉ ጉዳዩን ጽፎ ይላክ። በጩኸት የመጣ ነገር አይታይም!»

ይህ አዋጅ በወጣ በሳምንቱ፣ እመት ጃርቲት ለልጆቿ ሥር ልትቆፍር ወጥታ ስትመለስ አያ ጅቦን ጉድጓዷ ውስጥ ተንጋሎ አገኘችው። ሦስቱ ልጆቿ ደጅ ላይ ተኮልኩለው ይንቀጠቀጣሉ።

«አያ ጅቦ፣ ቤቴ እኮ ነው!»

«ነበር» አለ ጅቦ እያዛጋ። «አሁን የኔ ነው። ከተከፋሽ ለዳኛው ጻፊ። በጀርባሽ መቶ ብዕር ተሸክመሽ ትዞሪ የለም እንዴ?»

ከዚያ ሳቀ። የጅብን ሳቅ ታውቁታላችሁ።

እመት ጃርቲት እሾኋን አቆመች፤ ግን ከጅብ ጋር ምን ትታገላለች? ልጆቿን ቁጥቋጦ ሥር ወሸቀቻቸው። ጊዜው ሚያዝያ ነበር፣ ዝናብ የለም። ሰኔ ሲገባ ግን ያ ቁጥቋጦ የጎርፍ መንገድ እንደሚሆን ታውቃለች። የጃርት ልጅ ደግሞ መዋኘት አያውቅም።

ወደ አባ ጉሬዛ ሄደች። አባ ጉሬዛ ነጭ ካባውን ደርቦ ዋርካ ላይ ሆኖ ብራና ሲጽፍ የሚውል ሽማግሌ ነው።

«አባቴ፣ እባክዎ ይጻፉልኝ!»

«እጽፍልሽ ነበር፣ ልጄ» አለ አባ ጉሬዛ። «ነገር ግን የሰው ብዕር የሰው ምላስ ነው፤ ሁልጊዜ አይታዘዝም። እስከ ሰኔ ጊዜ አለሽ። ተማሪ።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ጉድጓድ ስትቆፍሪ ያላረጀ ጥፍር ፊደል ሲቆጥር ያረጃል?»

ተማረች። ጠዋት ጠዋት አሸዋ ላይ በጥፍሯ ሀ ሁ ጻፈች። ከሰዓት ጥላሸት ፍቃ ከግራር ሙጫ ጋር እየለወሰች ቀለም በጠበጠች። መጀመሪያ ቀጠነባት፣ ቀጥሎ እንደ ገንፎ ወፈረባት፣ በሦስተኛው ልክ ሆነላት። መቃም ቆርጣ ብዕር መቅረጽ ያዘች። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛው ደነዘ፣ ሦስተኛው ጮኸ።

«ቀስ በይ!» አለ ሦስተኛው መቃ። «ጫፌን ቅረጪ ተባልሽ እንጂ አንገቴን ቁረጪ አልተባልሽም!»

በዚህ ዓይነት ተግባቡ። ግንቦት ሲጋመስ አባ ጉሬዛ ሦስት ቁራጭ ብራና ሰጣት። «ብራና ከሰማይ አይወርድም» አላት። «ከነዚህ ሌላ የለኝም።»

እመት ጃርቲት ደስታዋ ወሰን አጣ። እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጀመረች።

«ይድረስ ለዱሩ ሁሉ ጌታ፣ ግርማው ለሚያስፈራ፣ ጎፈሩ ለሚያምር ለአያ አንበሶ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እመት አንበሲትስ እንደምን አሉ? ደቦሎቹስ እንዴት አደጉ? ያ ያምዎት የነበረው ጥርስስ ተሻለዎ?»

«ጉዳዩስ?» አለ መቃው።

«ዝም በል! ሰላምታ ሳይቀድም ጉዳይ? አሳዳጊ የበደላት ልባል?» ብላ ቀጠለች። «የአክስትዎ ልጆችስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትዎ በቀር ምንም አልሆንኩም፣ በጣም ደህና ነኝ...»

«አለቅኩ» አለ ብራናው።

እውነትም አልቆ ነበር። አንዲት ፊደል የምታስገባበት ቦታ አልቀረም። «መቼም ጨዋነቴን አይተው ይጠይቁኛል» ብላ ደብዳቤውን ለርግብ ሰጠች። ቁራን አልላከችም፤ የቁራ መልእክተኛ ምን እንደሚሆን እሷም አላጣችውም።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። «ደህና በመሆንሽ ደስ ብሎናል። ጥርሳችንም ተሽሎናል። አክስታችን ልጅ የላትም።»

ጅቦ ይህን ሲሰማ ከሳቁ ብዛት ከጉድጓዱ ወጥቶ ተንከባለለ። እመት ጃርቲት ደሟ ፈላ። ያን ጊዜ ሁለተኛውን ብራና አንስታ መቃውን እንደ ጦር ጨበጠችው።

«ኧረ ተረጋጊ፣ ጫፌ ሊሰበር ነው!» አለ መቃው።

ማን ሰምቶት! «ይህ ሽንካላ፣ ይህ ሆዳም፣ ይህ ጥንብ አግበስባሽ! እናቱም ሽንካላ፣ አያቱም ሽንካላ! ሽታው ከሦስት ኮረብታ ማዶ ይጣራል! ሳቁስ ቢሆን ምን ሳቅ ነው...» ቀለሙ ግራና ቀኝ ተፈናጠረ።

«አለቅኩ» አለ ሁለተኛው ብራና።

መልሱ በሁለተኛው ቀን ደረሰ። «ስለ ጅብ መልክና ዘር የጻፍሽው ደርሶናል። እኛ አልፈጠርነውም።»

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ደመና ጠቆረ። ትንሿ ልጇ አስነጠሰች። እመት ጃርቲት የመጨረሻውን ብራና ታቅፋ አለቀሰች። እውነት ነው የምላችሁ፣ እንደዚያን ቀን አልቅሳ አታውቅም።

«ለኔ አይሆንም» አለች። «ጥላሸት በመፋቅ ከርሜ ልጆቼን ላስጨርስ ነው።»

«አንቺ» አለ መቃው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አትጻፊ። አሁን ዝም ብለሽ ንገሪኝ። ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ጉድጓዴን።»

«ማን ወሰደው?»

«ጅብ ነዋ! እንደማታውቅ...»

«እኔ አውቃለሁ፤ አንበሳ አያውቅም። መቼ ወሰደው? የትኛው ጉድጓድ ነው? ያንቺ ለመሆኑስ ማን ይመሰክራል?»

«ፍልፈል። አብሮኝ ቆፍሯል።»

«እስከ መቼ ይመለስልሽ?»

«ሰኔ ሳይገባ!»

«እንግዲህ ያን ሁሉ ቀለም ያፈሰስሽው ይህችን ሳትናገሪ ነው» አለ መቃው።

እመት ጃርቲት እንባዋን ጠረገች። ወደ ብራናው ግን አልሮጠችም። አሸዋውን ደልድላ ብራናውን አስተኛችበትና ዙሪያውን በጥፍሯ ከበበች። በልኩ አሸዋው ላይ ጻፈች፣ አነበበች፣ ደመሰሰች። ደግማ ጻፈች። የጅቡን እናት አወጣች። የአንበሳውን አክስት አወጣች።

«ሰላምታውስ?» አለች ጨንቋት።

«ጨው ለወጥ ያስፈልጋል» አለ መቃው። «ጨው ብቻ ግን ማን ይበላል?»

በመጨረሻ ከአሸዋው ወደ ብራናው ገለበጠች።

«ለአያ አንበሶ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የወንዙ ዳር ጃርት ነኝ። በሚያዝያ መጀመሪያ ሥር ልቆፍር በወጣሁበት ጅብ ጉድጓዴን ያዘብኝ። ጉድጓዱ ከግራሩ ሥር ያለው ነው። ስቆፍረው ፍልፈል አግዞኛል፤ ይጠየቅ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ሰኔ ሳይገባ ጅብ እንዲለቅልኝ አመለክታለሁ።»

«አላለቅኩም!» አለ ሦስተኛው ብራና ተገርሞ። የሁለት ጣት ቦታ ተርፎት ነበር።

መልሱ በማግስቱ መጣ። «ሐሙስ ችሎት ቅረቢ። ጅብም መልሱን ጽፎ ይዞ ይቅረብ።»

አሁን ጅቦ ጨነቀው። ፊደል የሚባል አያውቅማ! ፊደል ወደቆጠረችው ወደ እመት ጦጢት ሮጠ። «ጦጢትዬ፣ ጉድጓዱ የአባቴ ነው ብለሽ ጻፊልኝ።»

«ምን ገዶኝ!» አለች ጦጢት። ባለፈው በጋ ጅራቷን የነከሳት ማን እንደሆነ አልረሳችም። ጫር ጫር አድርጋ ጻፈችና ጠቅልላ ሰጠችው።

ሐሙስ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ ችሎት ቆመ። ብራናውን ለአያ አንበሶ አቀረበ።

«ያጻፍከውን ታውቀዋለህ?» አለ አንበሶ።

«እንዴታ! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። በእናቴ እምላለሁ!»

አያ አንበሶ ጮክ ብሎ አነበበ። «እኔ አያ ጅቦ፣ ጉድጓዱ የእመት ጃርቲት መሆኑን አውቃለሁ። የገባሁት እሷ ሳትኖር ነው። ያልወጣሁት መቆፈር ስለሚሰለቸኝ ነው።»

ከዚያ ከአንበሳው እስከ ጥንቸሏ ሁሉም ሳቀ፤ ያን ቀን ያልሳቀው ጅብ ብቻ ነበር። ለደንቡ ያህል ፍልፈል ተጠየቀና መሰከረ። በአያ አንበሶ ትእዛዝ ነብር ጅቦን እየነዳ ወስዶ ጉድጓዱን አስለቀቀው።

እመት ጃርቲት ከጅቡ የተረፈውን አጥንት ጠርጋ አወጣች፣ ደረቅ ሣር አነጠፈች፣ ልጆቿን አንድ በአንድ አስገባች። በማግስቱ ሰኔ አንድ፣ ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ወረደ። ቁጥቋጦውን ጎርፍ ነቅሎ ወሰደው። እሷ ከነልጆቿ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆና ዝናቡን አየችው። እንዴት ደስ አላት!

እንግዲህ እኔ ነገርኩ፣ እናንተ ሰማችሁ፤ ነገሩ በልባችሁ ይደር። ጉዳዩን የለየ በጥቂት መስመር ቤቱ ይገባል፤ ለመማር የሰነፈ ግን በራሱ ላይ የተጻፈውን ተሸክሞ ችሎት ይሄዳል።