የመዝገብ ቤቱ አቶ ጥጋቡ

አንድ ሰው ነበር፤ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ወረፋ ይዟል። መታወቂያ ሊያሳድስ ነው የመጣው። ኮፍያውን ምን አስደፋው? ፀሐይ ነው? ኧረ ጣሪያ ሥር ነው የቆመው! ሰው እንዳያውቀው ነው።

ሰውየው ተዋናይ ነው። ከዓመታት በፊት ስለ አንድ መሥሪያ ቤት በሚቀርብ የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ ላይ የመዝገብ ቤቱን አቶ ጥጋቡን ሆኖ ይሠራ ነበር። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ያወርድና፣ «ፋይልዎ የለም፤ ነገ ይምጡ» ይላል። አገር በሳቅ ይሞታል።

ድራማው አለቀ። ባልደረቦቹስ የት ደረሱ? አለቃ ሆኖ የሠራው፣ ዛሬ ያለ እሱ ፊልም አይሠራም። ጸሐፊ ሆና የሠራችው በሳሙና ማስታወቂያ በየአደባባዩ ትስቃለች። እሱስ? እሱ አቶ ጥጋቡ ሆኖ ቀረ። ቁም ነገር ያለው ሚና ሊጠይቅ ሲሄድ፣ አፉን ሳይከፍት ይስቁበታል። ስለዚህ ማለ፤ ያንን ድምፅ ዳግመኛ ላያወጣ፣ በዚያ ስም ሲጠሩት አቤት ላይል ማለ። «እሱን ካልረሱ እኔን አያዩኝም» አለ። ስድስት ዓመት መሐላውን ጠበቀ።

ታዲያ ከፊቱ የቆሙ እማማ አሰገደች የሚባሉ አሮጊት ዞር ብለው አዩትና እጅጌውን ጨምድደው ያዙት።

«አንተ! አቶ ጥጋቡ አይደለህም?»

«ተሳስተዋል፣ እማማ።»

«ምኑን ነው የምሳሳተው! ሰው ስትመልስ በቴሌቪዥን ስንቴ አይቼህ! እኔንም ይኸው ሦስት ጊዜ መለሳችሁኝ። የቤቴ ምዝገባ ዛሬ ያበቃል፤ ፋይሌን አውጣልኝ!»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እሱን ላብ አጠመቀው።

የእማማ ተራ ደረሰ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ፋይልዎ የለም፣ እናቴ። ነገ ይምጡ» አለች።

ወገኖቼ፣ ሰውየው ምን ሰማ? የገዛ ራሱን ቃል ሰማ! ቃሉ ያው ነው፤ የሳቀ ግን አንድም ሰው የለም። የእማማ አሰገደች ዓይን እንባ አቀረረ።

ምን ያድርግ? ዝም ካለ ከዚያ ስም ይገላገላል። ከተናገረ የስድስት ዓመት ሽሽቱ ከንቱ ሊቀር ነው።

ኮፍያውን አወለቀ። የሌለ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደና፣ በዚያው በድሮው ድምፅ፣ «አንቺ ልጅ! ‹ነገ ይምጡ› ማለት ለእኔ ብቻ ነው የተፈቀደው! ማን ፈቀደልሽ?» አላት።

ልጅቷ ቀና አለች። «ውይ! አቶ ጥጋቡ!»

ከኋላዋ ያሉት ሠራተኞች ወንበር እየገፉ ተሯሯጡ። «የት ጠፍተህ ነው?» አለ አንዱ። ሌላው ስልኩን አወጣ።

«ፎቶ ከፋይሉ በኋላ!» አለ በዚያው ድምፅ።

ሠራተኞቹ እየሳቁ መደርደሪያዎቹ መካከል ገቡ። ብዙም አልቆዩ፤ ፋይሉ በሌላ ቀበሌ ክላሴር ውስጥ ተሰንቅሮ ተገኘ። እማማ አሰገደች ፋይሉን ደረታቸው ላይ አቀፉና ሰውየውን፣ «ድሮም ክፉ አልነበርክም፤ ሰነፍ ነበርክ እንጂ» ብለው መረቁት።

ከዚያ በኋላ ትልቅ ሚና መጣለት? አልመጣለትም። ግን ያን ቀን ራቱ ጣፈጠው፤ እንቅልፉም ሰላም ነበር።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? የማትወዱት መጠሪያ የላችሁም? «ዘበኛው» ይሏችኋል፤ «ተላላኪዋ» ይሏችኋል። እናንተም በልባችሁ፣ «እኔ ከዚህ በላይ ነኝ» ትላላችሁ። ልትሆኑም ትችላላችሁ፤ ማን ያውቃል? ነገር ግን ድሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን ነው? ሥራ አስኪያጁን ነው? ዘበኛውን ነው እንጂ! ታዲያ ዘበኛው በስሙ አፍሮ ቢደበቅ፣ ያ ድሃ በየት በኩል ይግባ?

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገቡ፣ «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ አውጣኝ» ከማለታችሁ በፊት፣ «ጌታ ሆይ፣ እዚህ ያስቀመጥከኝ ለማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ደጅ ላይ ቆሞ ይሆናል፤ ተነሡና ክፈቱለት።