የአህያዋ ሦስት ቁና ገብስ

አንድ ጊዜ፣ ከጫካው ዳር ብቻዋን የምትኖር ፎቶ አንሺ አህያ ነበረች። ሰርግ በሉት ልደት፣ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ያልሄደችበት ድግስ የለም። በየጎረቤቱ ግድግዳ የተሰቀለው ፎቶ ሁሉ የእሷ ሥራ ነው፤ እሷ ግን አንዱም ላይ የለችም።

ዋጋ ሲጠይቋት ጆሮዋን ጣል ታደርግና «ኧረ ምን ችግር አለ፣ የወደዳችሁትን!» ትላለች። ዋጋ ከጠራሁ ይርቁኛል ብላ ትፈራ ነበር። ለሥራ ካልሆነ በሯን ማን አንኳኩቶ ያውቃል?

አያ ጅቦ ልጁን ሲድር ቀኑን ሙሉ ፎቶ ስታነሳ ዋለች። «ክፍያሽ ከድግሱ ነው፤ አብረሽን ትበያለሽ» ብሏት ነበር። ካሜራዋን አስቀምጣ ዞር ስትል ግን ገበታው ተጠራርጎ አልቋል፤ አያ ጅቦ ለእሷ የተቀመጠውን ሣር እንኳ አልማረም። ሣር እንደማይበላ ትዝ ያለው ከዋጠው በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያያት ወደ ቁጥቋጦው ይታጠፋል። አህያም «ምን አስቀይሜው ይሆን?» እያለች ለብቻዋ ትብሰለሰላለች።

አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ ዝሆኖች ልጃቸውን ሊድሩ መጡ። ትልቋ፣ እመት ዝሆን፣ አህያን አስጠሯት።

«ልጄ፣ ዋጋሽ ስንት ነው?»

«የወደዳችሁትን፣ እመቤቴ።»

እመት ዝሆን ተጨነቁ። «እኛ እንግዶች ነን፤ የአገሩን ወግ አናውቅም። ብናሳንስ ትቀየሚናለሽ፣ ብናበዛ ይሳቅብናል።»

ይህን ጊዜ ቀበሮ ማንም ሳይጠራው ከመሀል ገባ። «ዐሥር ቁና ገብስ ነው!» አለና ወደ አህያ ጆሮ ጠጋ ብሎ «እንግዶች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ? የድለላዬን ብቻ እንዳትረሺ» አላት።

«የጎረቤትሽን የአያ ጅቦን ልጅ ሰርግ አንቺ እንዳነሳሽ ሰምተናል፤ ከእሱስ ስንት ተቀበልሽ?» ሲሉ ጠየቋት እመት ዝሆን።

አህያ መሬት መሬት እያየች «ምንም» አለች።

«ለጎረቤት በነፃ፣ ለእንግዳ ዐሥር ቁና? እንግዲያውስ ይቅርብን!» ዝሆኖቹ ሊሄዱ ፊታቸውን አዞሩ።

አህያ ደነገጠች። «ቆዩ!» አለች መንገዳቸው ላይ ቆማ። «ቀበሮ ስለ እኔ አይናገርም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ፤ ፎቶውን አጥቤ እስክጨርስም ሌላ ሥራ አልይዝም። ያን ሁሉ ሳስበው ሦስት ቁና ነው። ለእናንተም ሦስት፣ ከእንግዲህ ለአያ ጅቦም ሦስት!»

«አሁን ተግባባን» አሉ እመት ዝሆን። ቀበሮም ጭራውን ቆልፎ ሄደ።

ሰርጉ ሲያልቅ ገብሱን ሰፍረው ሰጧትና «ሂሳባችንን ጨርሰናል፤ አሁን ደግሞ እንግዳችን ነሽ፣ ነይ ቁጭ በይ» አሏት። መሀላቸው አስቀመጧት። እመት ዝሆን ካሜራውን በኩንቢያቸው ይዘው ፎቶ አነሷት። ፎቶው ጠማማ ነው፤ አንድ ጆሮዋም ተቆርጦ ቀርቷል።

በማግስቱ ዝሆኖቹ ወንዙን ተሻግረው ሄዱ። አህያ ያቺን ፎቶ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ ቁጭ አለች። ብቸኝነቱ ከድሮው ባሰባት።

ከጥቂት ቀን በኋላ አያ ጅቦ በሯን አንኳኳ። ዓይኗን ሳያይ «የልጅ ልጅ አገኘሁ፤ እንደ ድሮው መጥተሽ ታነሺልኛለሽ አይደል?» አላት።

«ሦስት ቁና ገብስ ነው፣ አያ ጅቦ።»

አጉረምርሞ ሄደ። ኮቴው እየራቀ ሲሄድ «ግድ የለም፣ ይቅር!» ልትለው አፏ ድረስ መጥቶባት ነበር። ዋጠችው፤ ከዚያም አለቀሰች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮቴው ተመለሰ። አያ ጅቦ ገብቶ ሦስት ቁና ገብስ የያዘ ጆንያ ዱብ አደረገና ከልጁ ሰርግ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ያን ጊዜ ባዶ እጅሽን ከሸኘሁሽ ወዲህ አንቺን ማየት አፍሬ ነበር» አላት። ከዚያ ግድግዳው ላይ አፈጠጠ። «ይህቺ ማናት?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ?» ጠጋ ብሎ ፎቶውን ደጋግሞ አየው። «ለካስ እንዲህ ነው መልክሽ! ሁልጊዜ ካሜራው ስለሚጋርድሽ ፊትሽን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ወዳጅ ለማግኘት ብሎ የልፋቱን ዋጋ የሚደብቅ ጎረቤቱን በሐፍረት እንግዳውንም በጥርጣሬ እንደሚያርቅ፣ ለሁሉም እኩል የሆነ ዋጋ በግልጽ የሚናገር ግን ሥራው ብቻ ሳይሆን እሱ ራሱም እንደሚታይ ነው።