ሙሴ ጎቲየ ያላዩት ነገር

ሙሴ ጎቲየ የሚባሉ ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበሩ። ከቦምቤይ እስከ ዛንዚባር በየቅኝ ግዛቱ ሱቅ ከፍተዋል። ከዘይላ ወደ ሐረር ሲጓዙም ስላዩት አገር ማውራታቸውን አላቆሙም። አንድ በቅሎ ጫኝ ሰለቸውና፣ «ጌታዬ፣ እርስዎም ያላዩት ነገር አለ» አላቸው።

ሙሴ ያገራችንን ውርርድ ለምደው ኖሮ፣ «በል በበቅሎ እንወራረድ! ያላየሁትን አንድ ነገር ንገረኝ፤ ካቃተህ በቅሎህ የእኔ ናት» አሉ።

ሰውየው ያለችው ያቺው አንዲት በቅሎ ነበረች፤ ልጆቹም የሚያድሩት በእሷ ነው። ጓደኞቹ፣ «ተው አንተ፣ አፍህ በቅሎህን ሊያስበላህ ነው!» አሉት።

«እሳት የሚተፋ ተራራስ አይተዋል?» ብሎ ጠየቀ።

«ጃዋ ላይ አይቻለሁ።»

«በረዶ የሚንሳፈፍበት ባሕርስ?»

«ሁለት ጊዜ! አምጣ ልጓሙን» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሰውየው እጅ ነሥቶ እንዲህ አለ፦ «ጌታዬ፣ በሄዱበት አገር ሁሉ ያሳደሩዎት ሰዎች መንገድ ድረስ ሸኝተው፣ ‹ምነው ትንሽ ቢሰነብቱልን› እያሉ ተሰናብተውዎታል። እየዘፈኑ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን አላዩዋቸውም።»